አባ ሰጋቱራና ያረጁት አይጦች

አባ ሰጋቱራ ብሎ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ስሙ ግን ልኩ ነበር። ሹራቡ ላይ፣ ቅንድቡ ውስጥ፣ አንዳንዴም ጢሙ ላይ የእንጨት ብናኝ አይጠፋም። ለአይጦቹ የሚነጠፈውን ሰጋቱራ በየሰኞው ከእኔ ነበር የሚረከበው፤ እኔ የምርምር ተቋሙ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ "እንግዲህ ለልጆቼ ላንጥፍላቸው" ይልና ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ተያየን። የምተርከውን ግማሹን ራሴ አይቻለሁ። ግማሹን እሱ ነው የነገረኝ፤ ያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከአፉ እየተጎተተ።

የእንስሳት ቤቱ መስኮት የለውም። መብራቱ በሰዓት የተሞላ ስለሆነ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ሁለት በር አለው፤ በሁለቱ መካከል ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ሰማያዊ ጋውን ለብሶ፣ ፀጉሩን ሸፍኖ፣ እጁን ታጥቦ ነው የሚያልፈው። ውስጡ የጫማ ካርቶን በሚያህሉ ጥርት ያሉ የፕላስቲክ ሳጥኖች እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አራት አምስት አይጥ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ አንድ ካርድ አለ፦ ዘሩ፣ የልደት ቀኑ፣ ጾታው፣ የተመራማሪው ስም። አባ ሰጋቱራ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ ውኃቸውን ይቀይራል፣ ሰጋቱራቸውን ይለውጣል፣ የታመመ ካለ ይለያል፣ የሞተ ካለ የሞት መዝገቡ ላይ ቀኑንና ምክንያቱን ይጽፋል።

ወደዚህ ሥራ የመጣው ከዶሮ እርባታ ነው። ዶሮዎቹ ከነጩኸታቸው አንገፍግፈውት ስለነበር ድምፅ የሌላቸው ፍጥረቶች ሲያገኝ ደስ አለው። እሱም ከቃል ቆጣቢዎቹ ነው። ሽቶ ተቀብቶ የሚገባ ሰው ሲያይ ግን የማንንም ዲግሪ አይፈራም። "በእርስዎ ሽቶ እናቶቹ ደንግጠው ልጆቻቸውን ይበላሉ። ታጥበው ይምጡ" ይላል፣ በሩን በእጁ እንደያዘ።

በመጀመሪያ ቀናቸው ታጥበው እንዲመለሱ ካደረጋቸው ሰዎች አንዷ ተመራማሪዋ ዶክተር ናት። ያኔ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ወጣት ነበረች። አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጋሼ" እያለች እሱን ሳታማክር ሳጥን አታንቀሳቅስም። የምታጠናው አንድ ዘረመል ነበር። ረጅም የፊደልና የቁጥር ስም አለው፤ እዚያ ቤት ግን በመጨረሻው ቁጥር "አሥራ አራት" ነበር የሚባለው። አንድ ቀን ሳጥን እያጠበ ሳለ አስረዳችው።

"ጋሼ፣ አሥራ አራት ጤነኛ ጉበት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቷል። ጉበት ላይ ካንሰር ሲነሳ ግን ይነቃል። እሱ በነቃ ቁጥር ዕጢው ይፈጥናል። ስለዚህ በሁለት በኩል ይጠቅመናል። ደም ወስደን ስንለካው በሽታው የት እንደደረሰ ይናገራል። ዝም ካሰኘነው ደግሞ ዕጢው ይከስማል።"

"ዝም የሚያሰኘው መድኃኒት አለ?"

"እሱን ነዋ የምሠራው።"

ሁለት ዓይነት አይጥ ነበራት። አንደኞቹ ዕጢ ተተክሎባቸው መድኃኒቱን በመርፌ የሚወስዱ ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ከነጭራሹ አሥራ አራት ሳይኖራቸው የሚወለዱ ናቸው፤ "የተነቀለባቸው" ይሏቸዋል። ሰውነት ያለዚያ ዘረመል መኖር ይችል እንደሆነ የሚታየው በእነሱ ነው። ጥናቱ በሦስት ወር ያልቃል። በሦስት ወር ውስጥ የተነቀለባቸው ይበላሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይወልዳሉ። መርፌ የሚወስዱት ደግሞ ዕጢያቸው ከባቄላ ወደ ምስር ፍሬ ይወርዳል። ዶክተሯ ዘጠኝ ዓመት ለፍታበት በመጨረሻ መድኃኒቱ በሰው ላይ እንዲሞከር ተፈቀደ።

በዚያው ዓመት ነው ሚስቱ የታመመችው።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ሥራዋ ቤቷ ውስጥ ነው፤ ሳሎኑን የስፌት መኪናዋና የጨርቅ ጥቅሎቿ ወርሰውት ባልየው የሚቀመጥበት አንድ ወንበር ብቻ ተርፎታል። ቀልደኛ ነበረች። "ባሌ ቀኑን ሙሉ ከአይጥ ጋር ይውላል፣ እኔ ደግሞ አይጥ የማይበላው ጨርቅ ፍለጋ እዞራለሁ" ትል ነበር። በሽታዋን ያወቀችውም በሜትሯ ነው። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጠበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ልታጠብበው ስትለካ ትከሻዋ ቀንሶ ሆዷ ጨምሯል። ሜትሩን ሁለቴ ዘርግታ ለካች፤ ከዚያ ባሏን ጠርታ፣ "ሰውዬ፣ ወይ ሜትሩ ተበላሽቷል ወይ እኔ" አለችው።

ሆስፒታሉ የጉበት ካንሰር ነው አለ። ዕጢው በሁለቱም በኩል ስለተበተነ በቀዶ ሕክምና አይወጣም። ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ "ይሄ አዲስ ምርመራ ነው፤ ገና በጥናት ላይ ነው" ብሎ አንድ ቁጥር አሳያቸው። ስልሳ ሦስት ይላል። ሐኪሙ ስለ ቁጥሩ ብዙ አላብራራም። አባ ሰጋቱራ ግን የአይጦቹን ደም በብልቃጥ ይዞ ፎቅ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ዶክተሯ ከረዳቶቿ ጋር ስታወራ ሲሰማ ዓመታት አልፈዋል። ከአሥር በታች ጤና ነው። ከአርባ በላይ የሆነባቸው ሕሙማን በዓመት ውስጥ ያልቃሉ። 

ሲወጡ ሚስቱ አየችው።

"ፊትህ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"አንተ ምንም ስትል ነው የሚያስፈራኝ" አለችና ክንዱን ያዘች።

ዶክተሯ ነገሩን ስትሰማ ሥራዋን ጥላ ምድር ቤት ወረደች። የሰው ሙከራው ከሦስት ወር በኋላ እንደሚጀመር፣ ቁጥራቸው ከፍ ያለና ዕጢያቸው ወጥቶ እንዳይመለስ የሚፈራላቸው ሕሙማን እንደሚመረጡ ነገረችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ "ጋሼ፣ ባለቤትዎ ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል" አለችው። ያን ዕለት ሰኞ ባይሆንም እኔ ዘንድ መጣ። ሰጋቱራ አልጠየቀም። ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ፣ "ገባች እኮ" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይስቃል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲስቅ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ልመለስ። ጥናቱ በሦስት ወር ሲያልቅ አይጦቹም አብረው ያልቃሉ፤ ይህ የሥራው ጠባይ ነው። ጥቂቶች ግን ዘሩ እንዳይጠፋ ለማርቢያ ይቀመጣሉ። የተነቀለባቸው ስድስት እናቶችና ሁለት አባቶች የኋለኛው መደርደሪያ ላይ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከዶክተሯ ረዳቶች አንድም ሰው እዚያ አይደርስም፤ ልጆቹን እንጂ እናቶቹን የሚፈልግ የለም። የሚያያቸው እሱ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ያየው ጆሮ ነበር። አይጥ እንድትለይ ጆሮዋ በትንሹ ይበሳል፤ ቁስሉም በሳምንት ይደርቃል። የአንዷ እናት ጆሮ ግን ሰበብ ፈልጎ እንደሚያለቅስ ልጅ ዝም አልል አለ፤ ከወር በኋላም ይረጥባል። ቀጥሎ ፀጉሯ ወዙን አጣ። ከዚያ ሆዷ ተነፋ። አርግዛ የወለደች መስሎት ሰጋቱራውን በጣቱ እየከፈተ ግልገል ፈለገ። ግልገል የለም። በእጁ ሲያነሳት ሆዷ ውስጥ ውኃ ይንቦጫቦጫል። በሦስተኛው ቀን ሞታ አገኛት።

አይጥ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። ይህች አሥራ አራት ወሯ ነበር። መዝገቡን ከፈተና ምክንያት በሚለው ቦታ "እርጅና" ብሎ ጻፈ።

ከስምንት ቀን በኋላ ሁለተኛዋ ሞተች። ከዚያ አንዱ አባት፣ ከዚያ ሌላ እናት። ሁሉም ሆዳቸው አብጦ። "እርጅና፣ እርጅና፣ እርጅና።" ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሜትሯን ወገቧ ላይ አዙራ፣ "ዛሬ ደግሞ አንድ ጣት ጨመርኩ" ትለዋለች። እሱ መጋረጃ ወደተከመረበት ጥግ ዞሮ ኮቱን ይሰቅላል።

ሬሳዎቹን ወደ ማቃጠያው መላክ ነበረበት። አላከም። በከረጢት ጠቅልሎ፣ ቀን ጽፎባቸው፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከምግብ ናሙናዎቹ በታች አስቀመጣቸው። ለምን እንዳስቀመጣቸው በኋላ ስጠይቀው፣ "እጄ እምቢ አለኝ" ነው ያለኝ። አፉ ግን አምስት ሳምንት ተዘግቶ ቆየ።

ሙከራው ሊጀመር አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚስቱን ለመጨረሻው ማጣሪያ ወሰዳት። ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገባቸው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተቀምጦ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ፊቱ የጤነኛ። ወሬ ወዳድ ነው።

"የኔን ዕጢ ቆርጠው አውጥተውታል" አለ ሹፌሩ። "ልክ እንደ አዲስ ነህ ብለውኛል። እዚህ የመጣሁት ተመልሶ እንዳይመጣ ነው፤ መድኃኒቱን ሁለት ዓመት ልወስደው ነው። እናንተስ?"

"እኔ የተቆረጠልኝ የለም፤ እንዲሁ ከነጓዜ ነኝ" አለች ሚስቱ። ሹፌሩ ከልቡ ሳቀና ስልኩን አውጥቶ መንትያ ሴት ልጆቹን አሳያት። አራት ዓመታቸው ነው። አንዷ የፊት ጥርሷ ወድቆ ስትስቅ ክፍተቱ ይታያል፤ "ከአልጋ ዘላ ነው ያወለቀችው፣ እኔን ነው የወጣችው" አለ። ከዚያ ወደ ባልየው ዞረ።

"አንተ ወንድሜ፣ ምን ትሠራለህ?"

እሱ ሳይመልስ ሚስቱ ቀደመች። "እሱማ የአይጦቹ አባት ነው! ይሄን መድኃኒት መጀመሪያ የቀመሱትን አይጦች የሚያበላው እሱ ነው።"

"አትይኝም!" ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተንፏቆ ቀረበው። "ታዲያ እንዴት ናቸው አይጦቹ?"

"ደህና ናቸው" አለ አባ ሰጋቱራ።

"ተመስገን! እንግዲህ እኛም ደህና ነና" ብሎ ሹፌሩ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በማግስቱ ውኃ ሳይቀይር፣ ጋውኑን ሳያወልቅ፣ አራት የበረዱ ከረጢቶችና መዝገቡን ይዞ ፎቅ ወጣ። ዶክተሯ ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጣቸው።

"ምንድን ነው ጋሼ?"

"ያረጁት ናቸው። አላረጁም።"

ከረጢቶቹ ላይ ያለውን ቀን አነበበች። መዝገቡን ገለጠች። ወደ ላቦራቶሪ ወስዳ ከፈተቻቸው። እሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ጉበታቸው ጠጥሮና ተኮማትሮ የደረቀ ፍሬ መስሏል። ቆርጣ በማጉያው ስር አየችው፤ ደግማ አየችው። በሕይወት ከቀሩት የማርቢያ አይጦች ሁለቱን አስመጥታ አየች። ከሰዓት በኋላ ነበር ቀና ያለችው።

"ለምን 'እርጅና' ብለው ጻፉ?"

"ባለቤቴ ዝርዝሩ ውስጥ ስላለች።"

ዶክተሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለእሱ ይሁን ለራሷ ባልታወቀ ድምፅ ተናገረች። "ጉበት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቆስላል። ለካ የሚጠግነው አሥራ አራት ነው። ካንሰሩ የጠጋኙን መሣሪያ ሰርቆ ነው የሚሠራው። እኛ ደግሞ መሣሪያውን ከሁለቱም ልንነጥቅ ነበር።" ከዚያ ዘጠኝ ዓመት የደከመችበትን ነገር በራሷ እጅ ለማስቆም ስልኩን አነሳች። ዝም ማለት ትችል ነበር። ከእሱ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። 

ሙከራው ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። እሱ መዝገብ በማዛባቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ዶክተሯ ተከራክራ እንጂ ከሥራም ይሰናበት ነበር። ለሚስቱ ግን አልነገራትም። ሆስፒታሉ ነው የነገራት፣ በስልክ፣ መጋረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስትዘመዝም። እሱ ቤት ሲገባ የስፌት መኪናዋ ቆሟል።

"አይጦች ሞቱ አሉ" አለችው።

"አዎ።"

"ማን ነው የነገራቸው?"

ኮቱን አላወለቀም። "እኔ ነኝ።"

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"አምስት ሳምንት ይሆናል።"

"አምስት ሳምንት ስትበላ፣ ስትጠጣ፣ አጠገቤ ስትተኛ።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ለምን አልጠየቅከኝም? የማን ሆድ ነው?"

"ምን ትይኝ ነበር?"

 "ዝም በል ነበር የምልህ። እኔ እንደሆነ ጉበቴ እስኪጠጥር የምቆይ ሰው አይደለሁም። ስድስት ወር ቢጨምርልኝ ትርፍ ነበር። ታውቃለህ። ለዚህ ነው ያልጠየቅከኝ።"

"አዎ" አለ። "ለዚህ ነው።"

"ለሹፌሩ ልጆች ስትል።"

 መልሱን ሳትጠብቅ የስፌት መኪናዋን አስነስታ ስትዘመዝም አመሸች።

አሥራ አንድ ቀን አላናገረችውም። ምግብ ያቀርባል፣ ትበላለች። መድኃኒት ይሰጣታል፣ ትውጣለች። ሌላ ከተማ የምትኖረው አስተማሪ ልጃቸው ስትደውል ከእሷ ጋር ትስቃለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ሳቁም ይዘጋል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ሰጋቱራውን ትከሻው ላይ መጣል ትቶ በእጁ ይጎትተው ጀመር። "ምነው?" ስለው፣ "ከበደኝ" ይለኛል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት የታዘዘ ረጅም የአዳራሽ መጋረጃ ላይ ነበረች። ጨርቁ ከብዶ ከእጇ ይንሸራተታል። ሦስት ጊዜ አነሳችው፣ ሦስት ጊዜ ወደቀ።

"ና ጫፉን ያዝልኝ" አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር።

ያዘላት። ከዚያ በኋላ ሥራ ሲወጣ ካልሆነ በቀር ጨርቁን ይዞላት ይውል ነበር። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሱም። ይቅር ትበለው አትበለው አያውቅም። እኔም ጠይቄው ነበር፤ "ጫፉን ያዝልኝ ብላኛለች" ነው ያለኝ፣ ሌላ አልጨመረም።

በየሳምንቱ ሆስፒታል ደሟን ይወስዱ ነበር፤ ሙከራው ቢቆምም የአሥራ አራት ልክ መመዝገቡ አልቆመም። ሰባ አንድ። ሰማንያ ስምንት። መቶ አራት። መድኃኒት የሌለው ቁጥር ምን ያደርጋል ብሎ አንድ ቀን ወረቀቱን ሳያይ አጣጠፈው። እሷ ግን ከእጁ ወስዳ አነበበችና፣ "ቢያንስ አንድ ነገር እያደገልኝ ነው" አለች። ልጃቸው ፈቃድ ወስዳ መጣች። የስፌት መኪናው ተነስቶ በቦታው አልጋ ተዘረጋ። ሙከራው በቆመ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ እሱ ውኃ ሊያመጣላት ሄዶ ሲመለስ አልፋለች። ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ፣ "አባዬ፣ አሁን እኮ ነው፣ አሁን" ትላለች።

ሐዘኑን ጨርሶ ሥራ ሲገባ ሦስት ከረጢት ወሰደ።

ከዓመት በኋላ ለራሱ ወገብ ሕመም ሆስፒታል ሄደ። በዚያው ኮሪደር፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ሹፌሩ ተቀምጦ ነበር። ባይጠራው ኖሮ አያውቀውም ነበር፤ ትከሻው ከሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል።

"የአይጦቹ አባት!" አለ ሹፌሩ። "ተመለሰብኝ እኮ። መድኃኒቱ ቢኖር እኮ አይመለስም ነበር አይደል? ማን እንደከለከለን ሰምተሃል?"

አባ ሰጋቱራ አጠገቡ ተቀመጠ። ይኸው ጊዜው ነው፣ ልናገር አለ በልቡ። አይጦቹ ደህና አልነበሩም ሊለው አፉን ከፈተ። ሹፌሩ ግን ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ስልኩን አውጥቶ ልጆቹ ትምህርት መጀመራቸውን እያሳየው ነው። ተራው ሲደርስ ተደግፎ ተነሳ። አባ ሰጋቱራ እስከ በሩ ደግፎ ሸኘውና ወገቡን ሳይታይ ተመለሰ።

"መድኃኒቱን ወስዶ ቢሆን ጉበቱ ይሞት ነበር፤ ሳይወስድ ደግሞ ይሄው" አለኝ ያን ሳምንት። "አዳንኩት ልበል? ገደልኩት ልበል?"  ሰጋቱራውን መዘንኩለት።

ዶክተሯ ጥናቱን አልተወችውም። አሁን መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ ብቻ እየሰጠች፣ መሃል ላይ ጉበቱን እያሳረፈች ትሞክራለች። አይጦቹ በሦስት ወር አያልቁም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ይጠበቃሉ፣ እስኪሞቱ። የኋለኛው መደርደሪያ ለብቻው ክፍል ሆኖ ለእሱ ተሰጠው። በየቀኑ ሆዳቸውን ይዳስሳል፣ ጆሯቸውን ያያል፣ ይጽፋል። ለመድኃኒትነቱ ገና ብዙ ይቀረዋል ይባላል። የደም ምርመራው ግን አሁን በሌሎች ሆስፒታሎችም ተጀምሯል፤ በሽታውን ቶሎ ይለያል።

ባለፈው ወር ዶክተሯ አንድ ቅጽ ይዛ ምድር ቤት ወረደች። ሚስቱ በሳምንት በሳምንት የሰጠችው ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል። አሥራ አራት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚሄድ እንዲህ በተከታታይ የሚያሳይ ሌላ ናሙና የላቸውም። ለጥናት እንዲውል የቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል።

"ካልፈለጉ አያስፈልግም፤ ማንም አይቀየምም" አለችው።

ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። "የመጨረሻው ስንት ነበር?"

"መቶ ሠላሳ ሁለት።"

"አልነገሩንም ነበር።"

"በማግስቱ ነው የወጣው ጋሼ።"

ያኔ ሚስቱን ሳይጠይቃት ያደረገውን አስታውሶ እንደሆነ እንጃ፣ ወዲያው አልፈረመም። ፎቅ ወጥቶ በእኔ ስልክ ልጁ ጋ ደወለ፤ ነገሩን አስረዳትና ምን እንደምትል ጠየቃት። ረጅም ጊዜ አዳመጣት። እኔ ደረሰኝ የማገላብጥ መስዬ ቆየሁ። ከዚያ ስልኩን መልሶልኝ፣ እስክሪብቶ ካለኝ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፤ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ፈረመ።